እጅ ለዘረጋ ሁሉ

ባዘዘው ከአርበኞቹ ጫካ ወደ ቤቱ የሚወርደው ጉም ሲወርድ ብቻ ነበር። ያን ዕለትም ከጮቄ ተራራ የተነሣው ጉም ማሳውን አልፎ አጥሩን ሲሸፍነው ገባ። ጠመንጃውን ከበሩ ጀርባ አስደግፎ በቀጥታ ወደ ልጁ ሄደ። ሙላት የተወለደው በጥር መጨረሻ ነው። አባቱ መዳፉን ደረቱ ላይ ጭኖ ትንፋሹን አዳመጠ።

«አሁንም ያፏጫል።»

«ትናንት ይብስ ነበር» አለች ሚስቱ የብርጓል። «ቁጭ በል እንጂ። እንግዳ ነህ?»

«አልቀመጥም። ስለ ግንቦት አንድ ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

ስለ ግንቦት አንድ በሮብ ገበያ ዙሪያ ያልሰማ አልነበረም። ጭቃ ሹሙ በገበያ ቀን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ለፍፏል። ጣሊያን አገሩን ግዛቴ ነው ብሎ ያወጀበት ሁለተኛ ዓመት ግንቦት አንድ ላይ ይውላል፤ ያን ቀን የምስጋና ቀን ተብሏል፤ ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ምግቡን ይዞ ከምሽጉ በታች ካለው ሜዳ ይውጣ፤ ያልወጣ ከብቱ ይነዳል። ግንቦት አንድ ልደታ ናት። በልደታ ሰው ድሮም ከቤቱ ወጥቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሜዳ ላይ ንፍሮ በልቶ ያመሰግናል። የምሽጉ ሹም ይህን ከአንድ ሰው ሰምቶ ነበር። አዲስ በዓል ከመትከል የቆመውን መውሰድ ይቀላል።

«መውጣቱን ውጡ ብሏል አለቃችን» አለ ባዘዘው። «ከብት ከሚነዳ ሰው ይውጣ። ግን ባዶ እጁን። እህል ይዞ የወጣ ለጣሊያን ያመሰገነ ነው፤ ቤቱ ቤት አይሆንም።»

«ይቃጠላል ማለት ነው?»

«ቤቱ ቤት አይሆንም ነው ያለው።»

«ማን ነው የሚያቃጥለው?»

ባዘዘው ወደ ጣራው ቀና ብሎ ሣሩን አየ። ራሱ የከደነው ነው። «የዚህን ሰፈር መንገድ የሚያውቅ ሰው ይልካሉ» አለ።

«እኔ ስለት አለብኝ፣ አንተ ሰው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ስሳል አጠገቤ አልነበርህም።»

ባለፈው ዓመት በልደታ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ የጽድ ዛፍ ሥር ቆማ የተሳለችው ቃል በቃል ይህ ነበር፦ «የምወልደውን ካኖርሽልኝ፣ በዓመቱ በዚችው ቀን ከሰማይ በታች ጎረቤቶቼን አበላለሁ፤ እጁን የዘረጋ ሁሉ ሳይበላ አይሄድም።» ከሙላት በፊት የወለደቻቸው አልቆሙላትም። የሁለተኛው ልጅ ስለት በሚገባበት ቀን በረዶ ወርዶ ሜዳውን ሸፈነው፤ ለሚቀጥለው ወር አስተላለፈችው። ሕፃኑ ሰኔ ሳይገባ ሞተ።

«ማርያም እንደ ጭቃ ሹም ቀን እየቆጠረች ትቀጣለች?» አለ ባዘዘው።

«እኔ እንጃ። የቀበርሁት ግን እኔ ነኝ።»

ጉሙ መሳሳት ሲጀምር ጠመንጃውን አንሥቶ ወጣ። ደጁ ላይ ዞር ብሎ «ባዶ እጅሽን» አላት።

በማግሥቱ ወደ ቄስ ገብረ ኪዳን ሄደች። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ እንደ ቀላል ነገር መለሱላት።

«ልደታ በዓመት አንዴ ብቻ አይደለችም፣ ልጄ። ወር በገባ በአንደኛው ቀን ሁሉ ትታሰባለች። ሰኔ አንድ አድርጊው።»

«ሰኔ አንድን አልተሳልሁም፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ልብሽን ያያል።»

«ያን ጊዜም እንዲህ ነበር ያሉኝ።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ቤት ውስጥ ባበላስ?» አለች። «ለምንድን ነው ውጭ የሚበላው?»

«እመቤታችን ጣራ በሌለበት ስለ ተወለደች ነዋ። ሐናና ኢያቄም ሊገድሏቸው የተነሡባቸውን ሰዎች ሸሽተው ሊባኖስ ተራራ ወጡ። ሰው ሲሸሽ ምጣድ ተሸክሞ አይሸሽም። ያገኙትን ጥሬ ቀቅለው በሉ፤ በሉና አመሰገኑ። ንፍሮው ያ ነው።»

«የሸሸ ሰው በዓል ነው በሉኛ።»

«የሸሸ ሰው በዓል ነው።»

«ታዲያ አሁን የአሳዳጁ ሊሆን ነው?»

«እሱን ነው እኔም የምፈራ። እኔንም ‹ሜዳው ላይ የምስጋናውን ጸሎት ትደግማለህ› ብለው ልከውብኛል።» ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ቀን ግን ታምሜ እውላለሁ።»

«ምን ሆነው?»

«ወገቤን ነዋ። አሁንም ጀምሮኛል።»

የብርጓል ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ጠፋ፤ ለቄሱ የሚሆን መውጫ ለእሷ እንደማይሆን ገባት። ቄሱ ታምመው ቢውሉ የሚጎድለው የጣሊያን በዓል ነው። እሷ ብትቀር የሚጎድለው የራሷ ቃል ነው። ደግሞ ያን ቀን ጎረቤቶቿ በሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውሉት አንድ ቦታ ነው። ከሰማይ በታች የምታገኛቸው እዚያው ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

በግንቦት አንድ ጠዋት ስንዴና ባቄላ ከሽምብራ ጋር ቀቅላ አጠነፈፈች። በአገልግል አድርጋ ከደነችው። ሙላትን አዘለች፤ ከላይ ነጠላዋን ደረበች፤ አገልግሉን በነጠላው ጫፍ ሸፍና ወጣች።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ሰዉ በየሰፈሩ ተሰብስቦ ቆሟል፤ የተቀመጠ የለም። ወንዶቹ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አስገብተዋል። ሴቶቹ ባዶ እጃቸው እንዲታይ እንደፈለጉ ሁሉ ፊት ለፊት አጣምረው ይዘዋል። አንድም ሞሰብ፣ አንድም እንቅብ አይታይም። ከበላያቸው ካለው ሸንተረር ላይ የአርበኞቹ ዓይን እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ቀና ብሎ የተመለከተ ግን የለም።

ከጎረቤቶቿ መጀመሪያ ያዩዋት እመት አሰገደች ናቸው። የእመት አሰገደች አንድ ልጅ ባለፈው ጥቅምት አውሮፕላን በጣለው ቦምብ ሞቷል።

«አንች! ምንድን ነው በነጠላሽ የሸፈንሽው?»

«የልደታን ነው፣ እመት።»

«ባልሽ አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ አብደሻል።»

«ስለት አለብኝ።»

እመት አሰገደች የሕፃኑን ፊት ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩት። ደረቱን አዳመጡ። ከዚያ በነጠላቸው ሥር እጃቸውን ዘረጉ። «በይ ቶሎ በይ። ደግሞ አትቁለጭለጪ፤ ወደ ፊት እያየሽ ስጪኝ።» ተቀብለው ጥቂቱን ወደ አፋቸው ጣሉ። «ማርያም ታሳድገው» አሉ፤ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ።

ከዚያ በኋላ እጅ በእጅ ሄደ። ከጎን የቆመችው ወሰደች፤ ከኋላ ያለችው ወሰደች። ሁለት ሴቶች ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው እንቢ አሉ፤ አልተቀየመቻቸውም። ታረቀኝ የሚባለው ቀልደኛ ጎረቤቷ ከኋላ ተጠግቶ መዳፍ ሙሉ ዘገነ።

«ባቄላሽ ጥርስ ይሰብራል፣ የብርጓል። ለጣሊያኑ ነበር የሚሆን።»

«ዝም ብለህ ብላ!»

«እየበላሁ ነው እኮ። ማርያም ታሳድገው። ጥርስ ሲያወጣ ግን ይህን አትስጪው።»

አገልግሉ ሊያልቅ ሲል አንድ እፍኝ ለይታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። የባዘዘው ድርሻ ነው። አባት ከልጁ ስለት ሳይቀምስ ምን ስለት ይሆናል?

ሥነ ሥርዓቱ ተጀመረ። ባንዲራው ወጣ፤ ጥሩምባ ተነፋ። የምሽጉ ሹም አንድ ወረቀት አነበበ፤ አስተርጓሚው በአማርኛ መለሰው። ስለ ተሠራው መንገድ፣ ስለ ክሊኒኩና ስለ ሰላሙ ይህ ሕዝብ ያመሰግናል የሚል ነበር። «ተመስገን በሉ!» አለ አስተርጓሚው። ሰዉ እንደ ትንፋሽ በቀጠነ ድምፅ አለ። «ከፍ አድርጉት! ተመስገን!» ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጥቂት ከፍ አለ። ሦስተኛው ወረደ።

ከሹሙ ጋር ፎቶግራፍ አንሺ መጥቶ ነበር። መሣሪያውን በሦስት እግር ላይ አቁሞ ሲጠብቅ ቆየና ለሹሙ አንድ ነገር ተናገረ። ሹሙ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ። ሕዝቡ በዚህ ቀን እየበላ ያመሰግናል ብለው ነግረውታል፤ የሚበላ ግን የለም። ዓይኑ ዞሮ ዞሮ አገልግሉ ላይ ዐረፈ። ነጠላዋን ስትቋጥርበት ተገልጦ ነበር።

ሹሙ፣ አስተርጓሚውና ፎቶግራፍ አንሺው ተከታትለው መጡ። በዙሪያዋ የቆሙት አንድ እርምጃ ሸሹ።

«ምግብ ይዘሽ የመጣሽ አንች ብቻ ነሽ» አለ አስተርጓሚው። «ሹሙ ደስ ብሎታል። እስቲ ልቅመስ ይላል።»

«አልቋል፣ ጌታዬ።» አገልግሉን ዘቅዝቃ አሳየችው። ሁለት የባቄላ ገለባ ወደቀ።

ሹሙ ግን ቋጠሮውን በጣቱ አመለከተና ጓንቱን አወለቀ። መዳፉን ዘረጋ።

የምትለው ነገር አላጣችም። የልጁ መድኃኒት ነው ብትል ይታመናል። ጨው ነው ብትልም ይታመናል። ብታለቅስ እንኳ ሊተዋት ይችል ነበር። ግን የተሳለችውን ቃል እንደ ገና በልቧ ደገመችው፤ ጎረቤቶቼን ብላ ብታቆም ኖሮ ዛሬ ነፃ ነበረች። እጁን የዘረጋ ሁሉ ብላ የጨመረችው ራሷ ናት። ያን ጊዜ የኔ ቢጤ ነበር በዓይኗ የመጣባት፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሚቀመጥ ዕውር፤ መንገደኛ። ስለቱ ግን ከእነዚህ በቀር አይልም። ፊቷ ያለው ደግሞ የተዘረጋ እጅ ነው፤ እህሉም ገና አላለቀም። ከጀርባዋ የሙላት ደረት ያፏጫል።

ቋጠሮውን ፈታችና እህሉን በሙሉ በሹሙ መዳፍ ላይ ገለበጠችው።

የፎቶግራፉ መሣሪያ ቀጭ አለ። ሹሙ አንድ ባቄላ ወደ አፉ ጣለ፤ አኘከ፤ ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ?» ብሎ ጮኸ አስተርጓሚው ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ምስጋና ማለት እንዲህ ነው!»

የብርጓል ወደ እመት አሰገደች ዞረች። እመት አሰገደች ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን አወጡ። የተረፋቸው ንፍሮ ነበር። ጣቶቻቸውን ከፍተው መሬት ላይ ጣሉት፤ መዳፋቸውን እንደ ዐመድ አራገፉ። ታረቀኝ አጎንብሶ እግሩን ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ጠራራ ፀሐይ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። የብርጓል ኮቴ ሰምታ ስትወጣ ባዘዘው አጥሩ ጋ ቆሟል። ልትከፍትለት መዝጊያውን ስትይዝ «ተይው» አላት።

«ምነው?»

«መነጽር አለን። ሁሉም ተቀባብሎ አይቶሻል። ሰጠሽው።»

«እጁን ዘረጋ።»

«እጁን ስለ ዘረጋ!»

«ቃሌ እንዲያ ነበር፣ ባዘዘው። እኔ ልጄን ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ አውቃለሁ። እነሱ ግን የሚያውቁት ያዩትን ነው። ክብሪቱን ለእኔ ሰጡኝ።»

የብርጓል አጥሩን ያዘች።

«አላቃጥልም» አለ። «እግራቸው ላይ ወድቄ ቤቱን አስማርሁት። በምትኩ ማልሁ። ጣሊያን ከዚህ አገር እስኪወጣ ይህን ደጅ አልረግጥም፤ ከእጅሽም እህል አልቀምስም ብዬ። በማርያም ነው የማልሁ።»

«በማርያም?»

«በሌላ ብምል አያምኑኝም ነበር።»

ጣሊያን በምን ዓመት፣ በምን ወር እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

«ያ በነጠላሽ የቋጠርሽው» አለ ቀስ ብሎ፣ «የማን ነበር?»

«የአንተ።»

ባዘዘው በአፍንጫው ሳቀ፤ ወይም ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣ። «በይ ልጄን አቀብይኝ» አለ።

ሙላትን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ሰጠችው። ባዘዘው ከወደ ውጭ ቆሞ ተቀበለው፤ ክንዱ አጥሩን እንዳያልፍ ተጠነቀቀ። ጆሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ፉጨቱ የለም። የብርጓልም ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልሰማችውም። ስለቷ ሰምሮ ይሁን ወይም ሁለቱ ቀን ፀሐይ ስለ ሆነ ይሁን ለመለየት ደጋግማ አስባ አልቻለችም።

«ተሽሎታል?» አለ።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ አራስም በሽተኛም የሚመልሰው እሱኑ ነው። አፏን ከፈተች። ከመንገዱ ማዶ እመት አሰገደች እንስራቸውን አዝለው ከምንጭ እየተመለሱ ነበር፤ አዩዋቸውና ሰላምታ ሳይሰጡ አለፉ። የአስተርጓሚው የ«ተመስገን በሉ!» ጩኸት በጆሮዋ መጣ።

«ደረቱ አያፏጭም» አለች።

ባዘዘው የሚከተለውን ቃል ጥቂት ጠበቀ። አልመጣም። ልጁን በአጥሩ ላይ መለሰላት፤ ጠመንጃውን አነገተና ወደ ሽቅቡ ሄደ።