የተዘለለው የመጀመሪያ ገጽ

የትምህርት ተቆጣጣሪው ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ ቀና አለ።

«ማዳም ሶላንዥ፣ ልጆቹ ስለ ገበያ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ስለ ዝናብም ያወራሉ። የመጀመሪያውን ገጽ ግን አንዱም አያውቀውም። ‹ከየት ነህ? አባትህ የት ነው?› ሰው ወሬ የሚጀምረው በዚህ አይደለም እንዴ?»

«ዘልዬው ነው፣ ክቡር ተቆጣጣሪ።»

«ለምን?»

ሶላንዥ የዘለለችው በሦስተኛው ረድፍ አንገቷን ደፍታ በተቀመጠችው በሚሬይ ምክንያት ነው። ባለፈው የትምህርት ወቅት ተርብ ሲነድፋት ልጅቷ የጮኸችው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ያውም ክፍል ውስጥ በማይማሩት፣ ከእናት ጡት ጋር በሚጠባው። በዚያው ቀን እናትየው መጥታ የሶላንዥን እጅ ይዛ ለማንም እንዳትናገር ለመነቻት። ጦርነቱን ሸሽተው እንግሊዝኛ ከሚነገርበት የካሜሩን ወገን እንደመጡ፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርባት በባፉሳም ከተማ ውስጥ ማንም አያውቅም። አከራያቸው ወታደር የነበረ ወንድሙ እዚያ ጦርነት ላይ ሞቶበታል፤ ቢሰማ አንድ ሌሊት አያሳድራቸውም።

ሶላንዥ እንግሊዝ አገር ሊድስ ተምራ ስትመለስ ልጆችን ደፍረው እንዲናገሩ አደርጋለሁ ብላ ነበር። አሁን አንዲቷ እንዳትናገር ትጠብቃለች። ልክ መሆኗን ራሷን በየሳምንቱ ትጠይቃለች።

«ረሳሁት» አለች።

«የመጀመሪያ ገጽ ይረሳል?» አለ ተቆጣጣሪው። በሩ ላይ የቆመው ዳይሬክተር ጉሮሮውን ጠረገ። የእንግሊዝኛ ንግግሩ ክፍለ ጊዜ ይቀጥል ወይም ይቅር የሚለው በተቆጣጣሪው ቃል ነው። «እንግዲያው አሁን እኔ ፊት ያስተምሩት። ከዚህች ከዝምተኛዋ ይጀምሩ።»

ሚሬይ ተነሣች። ጉልበቷ ከዴስኩ ጋር ተጋጨ።

«አቋቋሟን እዩልኝ፣ የባሜንዳ ሰው መሰለች!» አለ ከኋላዋ ፋብሪስ። ክፍሉ ሳቀ። ባሜንዳ በእንግሊዝኛው ወገን ያለች ከተማ ናት፤ በስሟ መሳደብ እዚህ የተለመደ ነው፤ ማንም አያስብበትም።

«ቁጭ በይ» አለች ሶላንዥ። «እንግዳ ሲመጣ የሚጠየቀው እንግዳው ነው። ልጆች፣ ስሙኝ!» ጥያቄዎቹን በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ አለቻቸውና ወደ ተቆጣጣሪው ጠቆመች። «በሉ፣ እሳቸውን ጠይቋቸው!»

ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። ትልቅ ሰው እንዲህ ጠይቀው አያውቁም፤ ጣፈጣቸው። ተቆጣጣሪው ፈገግ ብሎ ከኤቦሎዋ ከተማ ነኝ አለ። አባትዎስ የት ናቸው ሲሉት ግን ፈገግታው ጠፋ።

«በቃ! በቃ አልኩ! ማዳም፣ ይሄ ክፍል ነው ፖሊስ ጣቢያ?»

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። ዳይሬክተሩ ይቅርታ እያበዛ ተከተለው።

ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተንጠላጥለው መኪናውን በጥያቄ ጩኸት ሸኙት። ሚሬይም መካከላቸው ነበረች። ጨዋታው ሁሉን አስረስቷት በራሷ እንግሊዝኛ ጮኸች፤ ድምጿ ከሁሉም ተለይቶ ጥርት ብሎ ወጣ።

መኪናው አልቆመም። ፋብሪስ ግን ዞረ።

«አንቺ! እንዲህ ማን አስተማረሽ?»

ሚሬይ አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አለች ሶላንዥ፤ የተጣለውን መጽሐፍ ከጠረጴዛው እያነሣች። «ከትምህርት በኋላ እያስቀረሁ።»

ፋብሪስ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሚሬይን አየ።

«እኔስ? እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ?»

«አንተም ነገ ትቀራለህ።»

«ይምላሉ፣ ማዳም?»

«እምላለሁ» አለች፤ ተቆጣጣሪው ተቆጥቶ ሄዷልና ነገ በዚያ ክፍል መቆም አለመቆሟን ሳታውቅ።