ክታቡን አውልቂው

"ይሄም ይቅር" አለች መርየም፣ የበሶውን ከረጢት ከሻንጣው ጎትታ አልጋው ላይ እየወረወረች። "ይሄም ይቅር። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ዳማከሴ ነው፤ ለጉንፋን ብላ እማ ያደረቀችው" አለች ጀነት።

መርየም ፌስታሉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። "ሪያድ ኤርፖርት ይሄን ሲያገኙ ዳማከሴ ነው ብለው የሚያሳልፉሽ መስሎሻል? ምንነቱ ተመርምሮ እስኪታወቅ አንቺ የት እንደምትቆዪ አስበሽዋል? እኛ ጋ ቅጠል ይዞ መግባት የለም።"

"እኛ ጋ" የምትለው ሪያድን ነው። ለእረፍት ከመጣች ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ይህን አነጋገሯን ለምዶ አሁን አሁን ይስቅበታል። ያልለመደችውም ያልሳቀችውም የወንድሟ ሚስት፣ የጀነት እናት ሺፋ ብቻ ናት። ሺፋ በሩን ተደግፋ ቆማ ዕቃው ሲወረወር ታያለች። ልጇ በማግስቱ ጠዋት ከመርየም ጋር ትበራለች። ያንን በሶ ራሷ ቆልታ፣ ራሷ አስፈጭታ፣ ራሷ ነፍታ ነው ያዘጋጀችው።

"አገርሽ እዚያ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?" አለቻት። "ቦሩ ሜዳ ተወልደሽ፣ ልደታ አድገሽ።"

"የምበላበት አገር አገሬ ነው።"

"የምታጥቢበት በይ።"

ከልደታ ፍርድ ቤት በላይ ለባቡሩ መንገድ የሚቆፍረው ማሽን ጮኸና የቀበሌው ቤት ጣሪያ አቧራ አራገፈ። ሦስቱም ቀና ብለው አዩ። ይህ ቤት ይፈርሳል ከተባለ ቆይቷል፤ ጀነት የምትሄደውም ለቤተሰቡ የደረሰው ኮንዶሚኒየም ከእጃቸው ሳይወጣ ቅድሚያ ክፍያውን እንድትልክ ነው። ይህን ደግሞ አባቷ ሁመድ ሰንጋ ተራ ለሚበይደው በር ሁሉ፣ ለሚገዛው ሰው ሁሉ ሲያወራ ከርሟል።

"ስሚ አንቺ ልጅ" አለች መርየም ወደ ጀነት ዞራ። "በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ አታፈሺም። ማዳም ቶሎ ጨርሺ ብትልሽም ለየብቻ ነው፣ መስኮት ከፍተሽ ነው። አንዷ የጎንደር ልጅ ቀላቅላ ደረቷን አቃጥላ ነው አገሯ የገባችው። ውሃ ሳይጠማሽ ጠጪ። ላብሽ ሳይደርቅ ኤሲ ፊት አትተኚ። ጥርስሽን የሚያምሽ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪኝ፣ ሜክሲኮ ሄደን እናስነቅለዋለን። እዚያ ሠራተኛን ጥርስ ሐኪም ቤት የሚወስድ የለም።" ጉንጯን በጣቷ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ጥርስ የነበረበትን ባዶ ድድ አሳየቻት። "ይሄን ሁሉ በፓናዶል ነው ያሳለፍኩት።"

"ሳትማሪ ዶክተር ሆነሽ መጣሽልን" አለች ሺፋ።

"እኔን ስሄድ የመከረኝ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ሥጋ በጥርሴ እበላ ነበር።" መርየም ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከሁሉ በላይ ደግሞ ስትታመሚ እንዳትደብቂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለማዳም ባትነግሪ ለእኔ ደውዪልኝ።"

ሺፋ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። የጀነት እጅ ደግሞ ሳታስበው ወደ አንገቷ ሄደ፤ በጥቁር ክር ያንጠለጠለችው የቆዳ ክታብ እዚያ አለ።

ጀነት የሚጥል በሽታ አለባት። መጀመሪያ የጣላት ልጅ ሳለች፣ ቦሩ ሜዳ አያቷ ቤት ነበር። ያኔ አንድ ሼህ ይህን ክታብ ጻፉላት፤ በሽታውም ለዓመታት ጠፋ። አባቷ የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው፤ በልጅነቷ የነበረ፣ ያለፈ ነገር። ትምህርት ልትጨርስ ስትል ግን ተመልሶ መጣ። እናቷ ማንም ሳይሰማ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ነርሷም ትንንሽ ነጫጭ ክኒን ሰጥታ፣ በየማታው አንድ፣ አንድም ቀን እንዳታቋርጪ አለቻት። ከዚያ ወዲህ ወድቃ አታውቅም። እናቷ ክታቡ ነው ትላለች፣ እሷ ክኒኑ ነው ትላለች፤ ሁለቱም እስከሠሩ ድረስ ግን አልተጨቃጨቁበትም። ለጉዞው ስትመረመር ደሟን ወሰዱ፣ ደረቷን ራጅ አነሡ፤ ትወድቂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረችም።

ባለፈው ሳምንት እናቷ የክታቡን ስፌት በመርፌ ተርትራ፣ የወር ክኒን በላስቲክ ጠቅልላ ከወረቀቱ ጋር አስገባችና መልሳ ሰፋችው። "ከቃሉ ጋር ሲያድር ይበረታል፤ ፈታሽም አይነካውም" አለቻት። ወሩ ሲያልቅስ የሚለውን ሁለቱም አላነሡትም። ጀነት ግን በየሌሊቱ ታስበው ነበር፤ ምክንያቱም የምትቀጠረው የመርየም ማዳም ልጅ ቤት ነው። ማዳሟ ልጇ ስትወልድ "እንዳንቺ ያለች አምጪልኝ" አለቻት፣ መርየምም የወንድሟን ልጅ አለች። ጀነት ሪያድ የምትሄደው ያንን አራስ ሕፃን ልትይዝ ነው።

"አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?" አለች መርየም።

"ክታቤ ነው።"

"አውልቂው።"

"አታወልቅም" አለች ሺፋ፣ ከበሩ ተላቃ ወደ ውስጥ እየገባች።

"እዚያ ይሄ ሲህር ነው፣ ሺፋ። ማዳም ራሷን ያመማት ቀን፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ያደረ ለት፣ ሐበሻዋ ደገመችብን ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከፖሊስ ጋር ነው።"

"የአላህ ቃል ነው ያለበት።"

"ሄደሽ ለፖሊሱ አስረጂላት።"

"እናትሽ ናት ያስጻፈችላት። ስትሞት እንኳ መጥተሽ አፈር አላለበስሻት፣ አሁን የሰጠችውን ልታወልቂ ነው?"

የመርየም ፊት ልውጥ አለ። ያኔ ፓስፖርቷ ማዳሟ እጅ እንደነበረ፣ አልቅሳ ለምና እንደከለከሏት ሺፋ ታውቃለች። እያወቀች ነው የተናገረችው። ጀነት በእናቷ አፈረች።

"አክስቴ፣ ተይው፣ እኔ ራሴ አወልቀዋለሁ" አለች ጀነት። ግን ዘግይታለች። መርየም ክሩን ይዛለች፣ ሺፋ የመርየምን እጅ ይዛለች። ክሩ የጀነትን አንገት ፈገፈገና ተበጠሰ። ክታቡ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ቀጭ አለ።

መርየም ጎንበስ ብላ አነሣችው። ጆሮዋ ሥር ይዛ ነቀነቀችው።

"ወረቀት እንዲህ አይንኳኳም" አለች።

ከቦርሳዋ ምላጭ አውጥታ ስፌቱን በጠሰች። የቢጫ ወረቀቱ እጥፋት መጣ፣ ከኋላው ላስቲኩ፣ በላስቲኩ ውስጥ ክኒኖቹ።

"ምን ልታሸክሚያት ነበር?" መርየም ድምጿ ቀጠነ። "ሺፋ፣ በገዛ ልጅሽ?"

"መድኃኒቷ ነው።"

"የምን?"

"የሚጥለኝ" አለች ጀነት። "ድሮ የነበረው። ተመልሷል።"

መርየም አልጋው ላይ፣ በበሶውና በቅጠሉ መካከል ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ክኒኑን፣ አንድ ጊዜ የጀነትን ፊት አየች።

"ሕፃኑን ይዘሽ ብትወድቂስ?" አለች በመጨረሻ። "ደረጃ ላይ? እሳት ፊት? የሐኪም ወረቀት የሌለው ክኒን በክታብ ጠቅልለሽ፣ አንዱ ባይዝሽ ሌላው እንዲይዝሽ ነው? ይሄ ሁሉ ደግሞ በእኔ ስም?"

"ስምሽ ነው የጨነቀሽ" አለች ሺፋ።

"አዎ፣ ስሜም ጨንቆኛል። እዚያ ከስሜ ሌላ ምን አለኝ?"

"እንዳትናገሪ። ሁመድ እንዳይሰማ። የሚጥላት ናት ከተባለ ነገ ማን ያገባታል? የወር አለ፣ ከዚያ በኋላ..."

"ከዚያ በኋላስ?"

ሺፋ ወለሉን አየች። "ከዚያ በኋላ አንቺ አለሽላት ብዬ ነው።"

ከጠዋት ጀምሮ ሺፋ የተናገረችው ክፋት የሌለበት ቃል ይህ ብቻ ነበር። የውጭው በር ተንኳኳ። መርየም ክኒኖቹን ጨበጠችና እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተች።

ሁመድ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ገባ። ብየዳ ያቀላው ዓይኑ ይስቃል። ለሻንጣው ትንሽ ቁልፍ ገዝቷል። ከመግሪብ በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ለመንገዷ ዱአ ያደርጋል፤ ሳምቡሳው ከጓዳ ይሸታል። የተበተነውን ዕቃ ሲያይ ሳቁ ቆመ።

"ሻንጣው አልተዘጋም እንዴ?"

"አይዘጋም" አለች መርየም። "ጀነት አትሄድም፣ ጋሼ።"

"ማን አለ?"

"እኔ።"

"ለምን?"

መርየም ሺፋን አየቻት። እንድትናገር ጊዜ ሰጠቻት። ሺፋ መሬት መሬት አየች።

"ሥራው አይሆናትም" አለች መርየም። "ሕፃን መያዝ ከባድ ነው።"

"ትናንት ማዳሟ እንደ እናት ናት ስትዪ አልነበር? ዛሬ ምን ተገኘ?" ሁመድ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ቀረባት። "ልንገርሽ ምን እንደተገኘ። ልጄ ሄዳ ቤት ብትሠራ የሰፈሩ ወሬ ስለ አንቺ መሆኑ ይቀራል። ይሄው ነው። ምቀኝነት ነው።"

"ጋሼ..."

"በእናትሽ ሞት ያልመጣሽ ሰው፣ ለልጄ ልታዝኚ?"

መርየም እንደገና ሺፋን አየቻት። ይህን ነገር የሚያበርደው አንድ ቃል ነበር፣ እሱም ሺፋ አፍ ውስጥ ነበር።

"ከመጣች ጀምሮ እንዲሁ ናት" አለች ሺፋ። "ዕቃዋን ሁሉ የወረወረችው እሷ ናት። ክታቧን ሳይቀር በጠሰችባት።"

ጀነት እናቷን ሰማቻት። ውሸት አልነበረም፤ ቃል በቃል እውነት ነበር፣ ያስጠላትም ይኸው ነው። መርየም ነጠላዋ ሥር እጇን ጨብጣ ስድቡን ትቀበላለች፤ ክኒኑን ዘርግታ ብታሳይ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር፣ ግን አልዘረጋችም። እስከ ማታ ስድቡን ተቀብላ፣ ነገ ከወንድሟ ጋር ለዘላለም ተቆራርጣ ልትሄድ ነው። ጀነት ደግሞ ወይ በወር ክኒን ትበራለች፣ ወይ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀርታ ዕድሜ ልኳን በአክስቷ ታሳብባለች።

አዛን ተሰማ። የክኒኗ ሰዓት ነው። ሌላ ጊዜ ይህን ጥሪ ስትሰማ ጓዳ ገብታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ያለ ውሃ ነበር የምትውጠው፤ ጉሮሮዋ ምሬቱን ለምዶታል።

ተነሥታ ጠረጴዛው ላይ ካለው ጆግ በብርጭቆ ውሃ ቀዳች። መርየም አጠገብ መጥታ የተጨበጠውን እጅ ከነጠላው ሥር አወጣችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። መርየም ግራ ገብቷት አየቻት፤ ከዚያ እጇን ለቀቀችላት።

"ጀነት" አለች እናቷ። "ጀነትዬ፣ ተይ።"

ጀነት በርጩማ ስባ አባቷ ፊት ተቀመጠች። አንዱን ክኒን ምላሷ ላይ አድርጋ፣ ውሃውን ጠጥታ፣ እያያት ዋጠች።

"አባ፣ ይሄ የሚጥለኝ በሽታ መድኃኒት ነው" አለች። "አልተወኝም። በየማታው እውጠዋለሁ። ካቋረጥኩ እወድቃለሁ። ዛሬ ነው አክስቴ ያወቀችው፤ ደብቀናት ነበር።"

ቁልፉ በሁመድ ጣት ላይ ቆመ። ወደ ሚስቱ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እህቱ፤ እህቱ ፊቷን መልሳ የወረወረችውን በሶ መሰብሰብ ጀምራለች። የሰደባትን ቃል መልሶ ሊውጠው እንደማይችል ገብቶታል።

ደጅ ላይ የጎረቤቶቹ ድምፅ መጣ። አንዱ "ሰላሙ ዐለይኩም" አለ፣ ሌላው ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማል። ሺፋ ክኒኖቹን ልታነሣ ተንደርድራ መጣች።

"ሰው ገባ፣ አንሺው" አለች በሹክሹክታ። "ትራስ ሥር አድርጊው።"

ጀነት የተረፉትን ወደ ላስቲኩ መለሰች። ከዚያ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የሚገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አኖረችው።

"እዚያው ይቀመጥ፣ እማ" አለችና በሩን ልትከፍት ሄደች።