የቆጣሪ አንባቢው አድማጭ

«እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው ሰው ሲተኛ ነው» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ድምፃቸውን ለለቅሶ ቤት በሚመጥን ልክ ዝቅ አድርገው። «ከሟች ጋር ይሠሩ ስለነበር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። መቼ ነው የሚስተካከለው?»

«ይስተካከላል» አለ ሰውዬው።

«መቼ?»

«እየተሠራበት ነው።»

መልሱ ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ የለመዱት ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ የውኃ መሥሪያ ቤት ሰው መሆኑን አልተጠራጠሩም።

ሰውዬው ግን የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነው። ውኃ መሥሪያ ቤት የገባው አንድ ጊዜ፣ ያለ ጥፋቱ ውኃ ሲቆረጥበት ነበር፤ ያኔም ከመስኮት መስኮት ሲያመላልሱት ውለው፣ አንዷ ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ማንበብ አትችልም እንዴ?» ብላዋለች። አልረሳውም። በቀብሩ ማግሥት ወደዚህ ቤት ሲመጣ የሟች ታላቅ ወንድም በር ላይ «በምን ትተዋወቁ ነበር?» ሲል ጠየቀው። ጢሙ የሸበተ ሰው ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ «አድናቂው ነኝ» ይላል? «በሥራ» አለ። በሥራ ማለት ለዚህ ቤት ውኃ መሥሪያ ቤት ማለት ሆነ። ደህና ወንበር ተሰጠው፤ ቡናም ቀድሞ ደረሰው። በሕይወቱ አንቱ ያለው ሰው ስለማይበዛ አንቱታውን ጭምር ዝም ብሎ ተቀበለ።

ሟች ቀን ቀን ከቤት ቤት እየዞረ የውኃ ቆጣሪ ያነብ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ከጫማ መደብር ሥር ባለች ምድር ቤት፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሮክ ይጫወታል። ሮክ ከተባለ ነው። ጊታሩ ያለው አራት ክር ብቻ ነው፤ ሁለቱን «ብዙ ያወራሉ» ብሎ ራሱ አውጥቷቸዋል። ከበሮ መቺው ከከበሮው ጎን የውኃ በርሜል ያቆማል። ሦስተኛዋ ተንበርክካ የሕፃን መጫወቻ ፒያኖ ትመታለች። ዘፈኖቻቸው ስለሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ቆጣሪ ላይ ስለሚተኛ ውሻ፣ በሩን ራሷ ከፍታ «ማንም የለም» ስላለች ሴትዮ ናቸው። አሳታሚ የላቸውም፤ በገዛ ኪሳቸው ይቀዳሉ፣ በገዛ እጃቸው ይሸጣሉ። ምድር ቤቷ ጢም ብላ ስትሞላ አርባ ሰው ትይዛለች።

ወንበር ሰፊው መጀመሪያ የገባው ዝናብ እስኪያባራ ነበር። ዝናቡ አባራ፤ እሱ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አንድም ትርኢት አላመለጠውም። የሚስቱ ወንድሞች «ለዚህ ደግሞ ይከፈላል?» ብለው ስቀውበታል። ጋራዥ ውስጥ «እስቲ ያቺን የቧንቧዋን» ይሉታል። እሱ ግን አንዴ የወደደውን የሚተው ዓይነት አልነበረም፤ አንዴ የተቀየመውንም እንዲሁ። ከተረፈ ቆዳ የጊታር ቦርሳ ሰፍቶ ለሟች ሰጥቶት ነበር። አዲሱ ሥራቸው የወጣ ቀን ሟች መድረክ ላይ ቆሞ ሁሉን አመሰገነ፤ ድምፅ ያስተካከለውን፣ በር የጠበቀውን፣ ለስላሳ የሸጠችውን ሳይቀር። እሱን ዘለለው። ቂሙን እንደቋጠረ በሚቀጥለው ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ፊት ለፊት ቆመ።

አሁን ጊታር ተጫዋቹ ከሥራ ሲመለስ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተና ወንበር ሰፊው ቂሙም ሐዘኑም ጠፉበት። ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ተኝተውበት የደነዘዘ ክንድ ይመስላል። አለ፤ ግን የራሱ አይደለም።

ታላቅ ወንድም ለሚገባው ሰው ሁሉ «ክፍል ኃላፊ ነበር» ይላል። «ሊያድግም ነበር።» እንግዶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ሟች ሞቶም ቆጣሪ አንባቢ መሆን አልተፈቀደለትም።

ሰዎቹ ቀነስ ሲሉ ምሳ ቀረበ። ታላቅ ወንድም ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ያኔ እናቲቱ፣ ከጥዋት ጀምሮ ቃል ያልወጣቸው፣ ከጥግ ሆነው ተናገሩ።

«ያንን ነገር ዝጋና ብላ። ሲቀዘቅዝ ለማን ልትሰጠው ነው?»

ወንበር ሰፊው «እሺ እማዬ» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው።

ድምፁን ያውቀዋል። ከባንዱ ዘፈኖች በጣም በሚወደደው መሐል ሙዚቃው ድንገት ይቆምና በስልክ የተቀዳ የሴት ድምፅ ይመጣል፦ ያንን ነገር ዝጋና ብላ፣ ሲቀዘቅዝ ለማን ልትሰጠው ነው። አርባው ሰው በአንድ አፍ «እሺ እማዬ» ይላል፤ ሳቅ ይሆናል፤ ጊታሩ ይመለሳል። እኒህን ሴትዮ አይቷቸው አያውቅም። ግን ለዓመታት ሲታዘዛቸው ኖሯል።

በማግሥቱ ታላቅ ወንድም ኮሪደሩ ላይ አስቆመው።

«ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት አያውቁዎትም።»

«የመኪና ወንበር ሰፊ ነኝ። ሙዚቃውን እከታተል ነበር።»

ወንድምየው ከጫማው እስከ ራሱ አየው። አንቱታው እዚያው ላይ አበቃ። «ከነዚያ ነሃ! አንድ ጊዜ መጥቼ አይቻችኋለሁ። ምድር ቤት ሙሉ ሰው ሲገለፍጥ።»

«የምንስቀው እኮ…»

«እናቴ የምታውቀው ነገር የለም፤ እንዳታነሳባት። ልጇ መሳቂያ ሆኖ እንደኖረ፣ እሷንም መሳቂያ እንዳደረጋት፣ አሁን ትስማ? ቡናህን ጠጥተሃል። በቃ።»

ንቀቱ አዲስ አልነበረም። የከነከነው ሌላው ነው። እሱም ስቋል፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ። ያ ሳቅ ምን ዓይነት ሳቅ እንደነበር ደግሞ ለሰው ማስረዳት ችሎ አያውቅም፤ ለሚስቱም እንኳ።

ጃኬቱን ሊያነሣ ሲገባ እናቲቱ ብቻቸውን ነበሩ።

«አንተ የውኃው አይደለህም» አሉት።

«ማን ነገረዎት?»

«የውኃዎቹ መጡ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሄዱ። አንተ ትቀመጣለህ። እነሱ ትሑት ነበር፣ ጨዋ ነበር እያሉ ሲያደክሙኝ አንተ ምንም አላልክ። ልጄ በሩን ዘግቶ ያንጎራጉር ነበር። ማን ይሰማኛል ብለህ ነው እለው ነበር። ሰሚ ነበረው እንዴ?»

ወንበር ሰፊው ወደ ኮሪደሩ አየ። ጃኬቱን ይዞ ቢወጣ የሚወቅሰው የለም። ቢናገር ግን ምናልባት በሞት ላይ ውርደት ሊጨምርላቸው ነው።

«ነበረው» አለ።

ስልኩን አወጣ። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ በሸሚዙ ጠርጎ ሰጣቸው፤ ሌላውን ራሱ ጆሮው ላይ አደረገው። ምድር ቤት ቆሞ የቀዳውን፣ ያንኑ ዘፈን ከፈተ።

«ይሄ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

«በርሜል ነው።»

«በርሜል» አሉ፣ ስሙን እንደሚያጠና ሰው።

ከዚያ ሙዚቃው ቆመና የገዛ ድምፃቸው መጣ። አርባው ሰው መለሰላቸው። ሳቁ ተከተለ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«እኔ ነኝ።»

«አዎ።»

«ይሄ ሁሉ ሰው እሺ የሚለው እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው።»

«እየሳቀ።»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «እየሳቀ» አለ። «እኔ እናቴን አላውቃትም። እማዬ ያልኩት እዚያ ብቻ ነው።»

እናቲቱ ይህን ሰምተው እንደሆነ አላወቀም። «እሱስ?» አሉ። «እሱም አብሮ ይል ነበር?»

«እሱ መሬት መሬት ያያል። ብለን እስክንጨርስ ይጠብቃል።»

«ለኔ አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ቀዝቃዛውን ሲበላ ነው የኖረው» አሉ። ቀጥለውም፣ «መልሰው» አሉት።

ከመጀመሪያው ጀመረላቸው። በርሜሉ ገና ሲነሣ በሩ ተከፈተና ጥቁር የለበሱ ሰዎች እየተጋፉ ገቡ። ታላቅ ወንድም ከፊት ሆኖ «እማዬ፣ ከኔ ቢሮ ነው የመጡት» አለ፤ ወዲያው ከእናቱ ጆሮ ወደ ወንበር ሰፊው ጆሮ የተዘረጋውን ሽቦ አይቶ ባለበት ቆመ። አንደኛው እንግዳ እጃቸውን ሊጨብጥ ጎንበስ ብሎ ነበር።

እናቲቱ ቀና አላሉም። ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከደኑና፣ በሌላው እጃቸው እንግዶቹን «ቆዩ» ለማለት አንድ ጣት አነሡ።