አንድ እልልታ

ልጄ ዊዳድ ምጥ ያዛት ሲሉኝ መጀመሪያ የታየኝ ከፈን ነው። እኔ እንዲህ ነኝ። ባሌ ቡዚያን “አንቺ እኮ ሠርግ ቤት ገብተሽም ሬሳው የታለ ትያለሽ” ይለኛል።

ዊዳድ ያለችው ከወንዙ ማዶ ነው። የእኛ ከተማ የሳዒድያ የባሕር ዳር አሸዋ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል፤ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ግን አንዲት ቀጭን ወንዝ ትቆርጠዋለች። ከወንዟ ወዲያም ያው አሸዋ፣ ያው ባሕር ነው፤ አገሩ ግን አልጄሪያ ነው። ድንበሩ የተዘጋው ዊዳድ ሳትወለድ ነው። ቱኒስ ለሥራ ሄዳ ሀዋሪ የሚባል የማዶ ልጅ አገኘችና አገባችው። በአውሮፕላን፣ በሌላ አገር ዞሮ መሄድ ይቻላል ይላሉ። እኔም ፓስፖርት አውጥቼ ፈቃድ ስጠብቅ ቀኗ ደረሰ።

ጠዋት ሀዋሪ ደውሎ “የደም ግፊቷ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ አትጨነቂ” አለኝ። ከዚያ በኋላ የእሱም የእሷም ስልክ ተዘጋ። ቀትር ላይ እናቱን ኸይራን አገኘኋት።

“ወልዳለች፤ ሴት ናት። አልሐምዱሊላህ።”

“ዊዳድን አገናኚኝ።”

“ተኝታለች።”

ቆይቼ ደወልኩ። አሁንም ተኝታለች።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። አባቴ የሞተ ጊዜ “ትንሽ አሞታል፣ ነይ” ነበር የተባልኩት፤ ስደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ነበር። ስለዚህ ስልክ አላምንም። ኸይራን “እንግዲያው እልል በዪልኝ” አልኳት።

“በስልክ?”

“በስልክማ ምን ይረባኛል! ወንዙ ዳር ወጥተሽ፣ ዓይኔ እያየሽ። ለወንድ ሦስት ነው፣ ለሴት አንድ። አንዷ ትበቃኛለች።”

የሞተባት ሴት ብዙ ነገር ልትዋሽ ትችላለች፤ እልል ማለት ግን አይሆንላትም።  ኸይራ “እሺ፣ እመጣለሁ” አለች።

ቡዚያን እየተነጫነጨ ተከተለኝ። “ሴትየዋን ከአራስ ቤት ጎትተሽ ልታስወጪ! ከእንግዲህ ‘የማዶዋ እብድ’ ነው የሚሉሽ።”

“ይበሉኝ። ብቻ ፍርሃቴ ውሸት ሆኖ እብድ ልሁን።”

ነሐሴ ስለሆነ አሸዋው ሰው በሰው ነው። በጃንጥላዎቹ መካከል እየተሽሎከለክን ወንዙ ዳር ያለው የድንበር ሽቦ ጋ ደረስን። ቡዚያን መንገድ ላይ ቦምቦሊኖ ገዝቶ “ቅመሺ እንጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ አፍሽ ላይ ምንም አላደረግሽም” እያለ ይለምነኛል።

ጠባቂው ወታደር “ሐጃ፣ ከሽቦው ራቅ በዪ” አለኝ።

“ሐጃ አትበለኝ። መካ ቀርቶ ይቺን ወንዝ አልተሻገርኩም።”

ሳቀ። “ምን ፈልገሽ ነው ታዲያ?”

“እልልታ። ልጄ ማዶ ወልዳ።”

“ለእልልታማ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ይለፍ!” ብሎ ትንሽ ገለል አለልኝ።

ማዶ አንዲት ነጭ መኪና መጥታ ቆመች። ኸይራ ወረደች፤ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች። ሀዋሪ አልወረደም። መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ተቀምጧል። ደክሞት ነው አልኩ ለራሴ፤ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ነው። በሕይወቴ አንድ ቀን ደጉን ለማሰብ ሞከርኩ።

“ኸይራ! ዊዳድስ?”

“ተኝታለች!” ነፋሱ ድምፅዋን ቆራርጦ አመጣው።

“እልል በያ!”

ሕፃኗን ወደ እኔ ከፍ አደረገቻት። አንገቷን ቀና አድርጋ ጀመረች። እልልታው መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ነበር። ቡዚያን ክንዴን ያዘና “ይኸው! አላልኩሽም?” አለ። ቃሉን ሳይጨርስ የኸይራ ድምፅ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ የወጣው እልልታ አልነበረም። በአንድ እጇ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘች፤ አሸዋው ላይ ተንበረከከች።

ያን ጊዜ አወቅኩ። ልጄ የለችም። ዛሬ ከሰዓት፣ ወይ ነገ፣ ከማዶ ይቀብሯታል፤ አፈር የሚያለብሷት ሌሎች ናቸው፤ እኔ እዚህ ሽቦ ይዤ እቆማለሁ።

ቡዚያን አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ቦምቦሊኖው እጁ ውስጥ ተጨፍልቋል።

ከኋላችን አንዲት ሴት “ምንድን ነው፣ ሠርግ ነው?” ስትል ሰማሁ።

“ኧረ ልጅ ተወልዶላቸው ነው! ማዶ ያለችው አያት ስታሳያቸው አላየሽም?”

“ታዲያ ምን ዝም ያሰኘናል! ለእልልታ እልልታ ነው የሚመለሰው!”

እሷ ጀመረች። ጎረቤቷ ተቀበለቻት። ከሚቀጥለው ጃንጥላ ሥር ሌሎች ተነሡ፣ ከነሱ ቀጥሎ ያሉትም፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ልጆች ያጨበጭባሉ። ወታደሩ “እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሐጃ!” ይለኛል።

ኸይራ ተንበርክካለች፤ ሕፃኗን ግን አላወረደቻትም። እኔን እኔን ታያለች፤ የምመልሰውን ትጠብቃለች። ሕፃኗ ምን አጠፋች? ለእሷ ስል አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

እልልታው ከጃንጥላ ወደ ጃንጥላ እየተላለፈ በዚያ ረጅም አሸዋ ላይ ሄደ፣ ሄደ፤ አላቆም አለ። እኔ የለመንኩት አንድ ነበር።