የላቮን ቀኝ ጉልበት

የቶሊዶ መዶሻዎች የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በአራት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ አሠልጣኙን አምጥቷል። አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀየረው የግድግዳው ቀለም ነው፤ ቀጥሎ ትናንት ጀግና የነበረው ተጫዋች «ለአጨዋወታችን አይሆንም» ይባላል። አዲሱ ብራይስ ማኬልቪ ደግሞ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ማስቲካ እያላመጠ ያወራል፣ እያወራም ያላምጣል።

የዚያን ዕለት ስብሰባ የጠራው በምርጫው ማን እንደሚያስፈልጋቸው ለመወሰን ነበር። ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በየተራ የሚመርጡበት ቀን ደርሷል። ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ ሲንከራተቱ የከረሙት ተጫዋች መልማዮች ጠረጴዛውን ከበዋል። አንጋፋቸው ኤርቪን ሳቦ ነበር፤ ስለ ሰው ጭን፣ ዳሌና ቁርጭምጭሚት ሲያወራ ዕድሜውን የፈጀ፣ ከብት ተራ ቢቀጠር የማያፍር ሰው።

«በኔ መከላከያ ሁሉም ነገር የሚቆመው መሃል ዘጊው ላይ ነው» አለ ማኬልቪ። «ሁለት ሰው ተደርቦ ቢገፋው ንቅንቅ የማይል እፈልጋለሁ። አለን ወይስ የለንም?»

«ላቮን ቲብስ እያለ ይሄ ምን ጥያቄ አለው?» አለ አንዱ መልማይ። «እሱ ሲሳፈር እኮ አውቶቡሳችን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።»

ሳቁ። ማኬልቪም መሃሉ ከተዘጋ በመጀመሪያው ተራችን ኳስ ይዞ የሚሮጥ ልጅ እንወስዳለን አለ።

ኤርቪን ግን አልሳቀም። ላቮን በሰኔ ሴት ልጁን ማርጊትን ሊያገባ ነው። እሁድ እሁድ ቤታቸው ምሳ ሲበላ ኤርቪን በዓይኑ አይቶታል፤ ከፎቅ ሲወርድ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ መደገፊያውን ጨብጦ እንደ ሕፃን ነው የሚወርደው። ላዩን ተራራ፣ ውስጡን ለቄስ። የቡድኑን ሐኪም በምን እንዳታለለው እግዜር ይወቅ። ላቮን ከቡድኑ ጋር ያለው ውልም ገና አልታደሰም። ኤርቪን አፉን ቢከፍት የልጁን ሠርግ በገዛ እጁ ማደፍረሱ ነው፤ ቢዘጋ ደግሞ ያ ጅል ሁለት ሁለት ሰው ሲጫነው ይከርምና ማርጊት በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋው ባል ታገኛለች። ፈራ። ከልቡ ፈራ።

«ሽማግሌው፣ ምነው ዝም አልክ?» አለ ማኬልቪ። «ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ልጅ ቂጥ ብቻ ግማሽ ሰዓት ስታወራ አልነበር?»

«መሃል ዘጊ ያስፈልገናል» አለ ኤርቪን። «ያውም በመጀመሪያው ተራ።»

«ቲብስስ?»

«ላቮን አብቅቶለታል። ቀኝ ጉልበቱን ራጅ አስነሱት።»

ማኬልቪ ማላመጡን አቆመ።

«አማችህ ሊሆን አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ከየት ያወቅኩት መሰለህ?»

ራጁ ተነሳ፤ ኤርቪን ያለው እውነት ሆኖ ተገኘ። ላቮን ተሰናበተ፤ በምርጫው ቀን መዶሻዎች ከአዮዋ አንድ በሬ የሚያክል ጎረምሳ ወሰዱ። ማርጊት የአባቷን ስልክ ማንሳት ተወች።

በሚቀጥለው እሁድ ላቮን ብቻውን መጥቶ ኤርቪን ቤት በረንዳ ላይ ቆመ። ማርጊት መኪናው ውስጥ ቀርታለች። ኤርቪን ቡጢ እየጠበቀ በሩን ከፈተ።

«ጉልበትህን ነው ያዳንኩልህ» አለ ቶሎ ብሎ።

«አድነውኛል፣ ሚስተር ሳቦ። ሐኪሙን ማታለል እኔንም ሰልችቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«እሁድ እሁድ ድንች ሲያቀብሉኝ ከረሙ። ሁሉን እያዩ አንድ ቀን እንኳ 'ጉልበትህን ያምሃል ወይ?' አላሉኝም። ለነሱ ከመንገርዎ በፊት እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

ኤርቪን የስንቱን ሰው ጉልበት ሰው በተሰበሰበበት ሲመዝን ኖሯል፤ ባለጉልበቱን ጠይቆ ግን አያውቅም። አፈረ።

ላቮን ዞሮ ወደ መኪናው ሄደ። ኤርቪን ከኋላው ሲያየው ግራ እግሩንም እንደሚቆጥበው ታዘበ፤ የለመደበት ዓይን አያርፍም።

«ላቮን» አለ። «ግራውንስ ያምሃል?»

ላቮን ቆመ።

«ያመኛል» አለ።