ዝናብ ሲቃረብ የሚያፏጨው ጉድጓድ

በለጥሽ በቆሎዋን የምታሰጣው ጋዝ ፈላጊው ኩባንያ ጥሎት በሄደው የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ከመሃሉ የተቆረጠ ቧንቧ ብቅ ብሏል፤ ሥሩ ላይ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ አለች። ኩባንያው የቆፈረው ጉድጓድ በ2001 ዓ.ም. ተደፈነ ተባለ። በሳምንቱ እዚያው የቀን ሠራተኛ የነበረው ባሏ ሲሳይ ዓሣ ሊያጠምድ ዓባያ ሐይቅ ገባ። ታንኳው ተመለሰች፤ እሱ አልተመለሰም።

ሬሳው ስላልተገኘ በለጥሽ ነጠላዋን ለሐዘን አላዘቀዘቀችም። ከዚያ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ስንጥቋ ማፏጨት ጀመረች። ሲሳይ በተሸረፈ ጥርሱ መሃል ያፏጭ እንደነበረው፣ ዜማ የሌለው ፉጨት።

እህቱ ልክነሽም እየመጣች ታዳምጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት፣ ደመና የኦቾሎን ሸንተረር ሲሸፍን፣ ጆሮዋን ስንጥቋ ላይ አድርጋ ተጋደመች። በለጥሽ ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ራሷን ስታ አገኘቻት። እግሯን ይዛ ጎትታ ከስንጥቋ አራቀቻት።

ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከአርባ ምንጭ የመጣው ባለሙያ ማርቆስ የጋዝ መለኪያውን ስንጥቋ ላይ ይዞ ሩብ ሰዓት ጠበቀ።

«ዜሮ!» አለ። «እትዬ በለጥሽ፣ ይሄ ጉድጓድ ከእኔ ይሻላል። እኔ እንኳ ጨጓራ አለብኝ።»

ልክነሽ ከልክ በላይ ሳቀች።

«ታዲያ ምን ትጽፋለህ?» አለችው በለጥሽ።

«ደህና ነው ብዬ ነዋ። ቢያፈስ ኖሮ ተከፍቶ እስከ ታች በሲሚንቶ ይሞላ ነበር።»

«ከተሞላ በኋላ ድምፅ ይኖረዋል?»

«የምን ድምፅ? ድንጋይ ይሆናል እንጂ።»

ልክነሽ የበለጥሽን ክንድ ቆነጠጠች። «አፍሽን ያዢ» አለቻት በጋሞኛ። «ወንድሜን ሁለተኛ ልታሰምጪው ነው?»

ማርቆስ እስክሪብቶውን አወጣ። በለጥሽ የልክነሽን ከንፈር አየች።

«አትጻፍ» አለችው። «በፀሐይ ትንፍሽ አይልም። ኦቾሎ ላይ ደመና ሲወርድ ና። ይቺን ሊገድላት ነበር።»

«ባልሽን እኮ ነው የምታስደፍኚው!» ጮኸች ልክነሽ።

«ባሌ ቢሆን አንቺን አይገድልም ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ደመናው ወረደ፤ መለኪያው ጮኸ። በወሩ ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች መጡ። ጉድጓዱን ሞልተው ወለሉን እንደገና ለሰኑት።

በለጥሽ በአዲሱ ወለል ላይ በቆሎዋን አሰጣች። ልክነሽ ለወራት ጠፍታ ያን ቀን መጥታ ነበር፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትፈለፍላለች። ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ቧንቧው ቦታ አዘንብለው ነበር።

ዝናቡ ሳያስጠነቅቃቸው መጣ። በቆሎው ሁሉ ረጠበ፤ አንዳቸውም ሊያነሱት አልተንቀሳቀሱም።

በለጥሽ ነጠላዋን አውልቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቅዝቃ ለበሰች። ያኔ ልክነሽ ሙሾውን ጀመረች።