ታጥቦ የታጠፈው አጎበር

ልብስ አጣቢዋ እናት ልጇ ከቆላው ሥራ ሲመለስ ቦርሳውን ሳትቀበለው ግንባሩን ዳሰሰች። ይፋጃል። «መገጣጠሚያዬን ሁሉ ሰው የቀጠቀጠኝ ነው የሚመስለኝ» አለና በመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ወደቀ።

ነፍሰ ጡር እህቱ ባሏን ወደ ሥራ ሸኝታ እናቷ ቤት ስትመጣ፣ ገና ከበሩ፣ «ምን ይዘህልኝ መጣህ?» አለችው። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ሰላምታዋ ይኸው ነው። ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳያት።

ጤና ጣቢያ ደሙ ታየና ወባ የለበትም ተባለ። ትኩሳቱ ካልለቀቀው መልሰው ያምጡትም ተብሏል፤ እናት ግን ከ«የለበትም» ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታሽ የኖረች ሴት ጆሮዋም እንደ ወገቧ ይደክማል። ወባ ከሌለ አጎበር ምን ይሠራል ብላ ከአልጋው በላይ የተሰቀለውን አወረደችው። ካወረደችው ወዲያ አቧራውን አይታ ማለፍ አልሆነላትም፤ አጠበችው፣ አሰጣችው፣ እንደ ደንበኛ ልብስ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ከመስኮቱ ውጭ በርሜሎቿ ተደርድረዋል። ቧንቧው ደስ ሲለው ብቻ ስለሚመጣ ውሃ ካልተጠራቀመ ሥራ የለም። ክዳን የላቸውም፤ ቀኑን ሙሉ እየቀዱ ማን ሲከፍት ሲከድን ይውላል? ልጁ ቀን ቀን ይተኛል፣ እህቱ አጠገቡ ሆና ታጫውተዋለች፣ ትንኞቹም ከበርሜሉ ወደ መስኮቱ ይመላለሳሉ። እናት ከቁም ነገር አልቆጠረቻቸውም። እሷ የምታውቃት ትንኝ ሌሊት ነው የምትነክሰው።

እሱ ተሽሎት መቀመጥ ሲጀምር እህቱን አተኮሳት።

«ደንጊ የሚባል ትኩሳት ነው፣ እናቴ» አለች ነርሷ የልጅቷን የደም ውጤት ይዛ። «የወንድሟም ያው ሳይሆን አይቀርም። ትንኟ ናት ከእሱ ጠጥታ ለእሷ ያደረሰችው። አጎበር አላደረጉለትም?»

«ወባ የለበትም ስትሉኝ አወረድኩት።»

«ይቺኛዋ ቀን ነው የምትነክሰው። የምትፈለፈለውም በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።»

«ሕፃኑስ፣ ልጄ?»

«እንከታተላታለን። ደም ካየች ወይም ሆዷን ከቆረጣት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘዋት ይምጡ።» ከዚህ ያለፈ ቃል አልሰጠቻትም።

ቤት ሲደርሱ እናት አጎበሩን ከሳጥን አውጥታ ልጇን ከነሆዷ ከለለቻት። ከዚያ ወጥታ በርሜሉን አጎንብሳ አየች። ጥቃቅን ትሎች ውሃው ውስጥ ይፍጨረጨራሉ። በስንት ጥበቃ የሞላችውን ውሃ በርሜል በርሜሉን እየገፋች ደፋችው። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተመለሰች።

ልጅቷ ከአጎበሩ ውስጥ ወንድሟን ትነካካዋለች፤ «ባዶ እጄን መጣሁ ብለህ ዋሸኸኝ አይደል?» ሊስቅ ሞከረና አቃተው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እሱን ተዪው» አለች እናት። «እሱስ ለራሱ የሚበቃውን ነበር ይዞ የመጣው። ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ የአጎበሩን ጫፍ ገለጠችና ጠጋ አለች። «ነይ ግቢ እማዬ፤ እዚህ ቤት ያልታመምሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

እናት በቀን ጋደም ብላ አታውቅም። ገብታ ተጋደመች። መዳፏን የልጇ ሆድ ላይ አሳርፋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ዝም አለ። አሁንም ዝም አለ። ከዚያ መዳፏን ከውስጥ ረገጣት።

«ይኸው» አለች ልጅቷ በደከመ ድምፅ፣ «እሱም ተቆጣሽ።»

እናት እጇን ሳታነሳ አለቀሰች።